ኮምፕሊመንት

ከ30 በላይ ፕሮቲኖች የሚሳተፉበት፣ ከእኛ ጋር የሚወለድ የበሽታ መከላከያ ክፍል። አብዛኞቹ ፕሮቲኖች የሚመረቱት በጉበት ነው። ቤልጂየማዊው ዡል ቦርዴ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሠራሩን አጥንቶ በ1919 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ ስሙን ያወጣው ግን ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ ነው።

ፀረ እንግዳ አካል ተሕዋሲ ላይ ሲጣበቅ፣ ሌክቲን የተባለ ፕሮቲን የተሕዋሲውን ስኳር ሲለይ፣ ወይም ሲ3 የተባለው የኮምፕሊመንት ፕሮቲን በራሱ ሲነቃ ሂደቱ ይጀመራል። ሦስቱም መንገዶች የሚገናኙት ሲ3 ሲሰነጠቅ ነው። አንዱ ስንጣቂ፣ ሲ3ቢ፣ ባክቴሪያው ላይ ተለጥፎ ለነጭ የደም ሴሎች የሚዋጠውን ያመለክታል፤ ሌላው፣ ሲ3ኤ፣ ብግነትን ይቀሰቅሳል። ከሲ5 እስከ ሲ9 ያሉት ፕሮቲኖች ተገጣጥመው የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሳሉ።

ዝናው የብሳቱ ቢሆንም ዋናው ባለ ሥራ ሲ3 ነው። እሱን ያጡ ሰዎች በተደጋጋሚ ከባድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል፤ የመጨረሻዎቹን ፕሮቲኖች (ከሲ5 እስከ ሲ9) ያጡት ግን በተለይ የሚጠቁት በማጅራት ገትር አምጪው ሜኒንጎኮከስ ነው። ሲ1ኪው የተባለው የኮምፕሊመንት ፕሮቲን እጦት ሉፐስ ለተባለው በሽታ ያጋልጣል።

ሥርዓቱ የራስን ሴል እንዳይጎዳ የሚገቱት ፕሮቲኖች አሉ። እነዚህ ከቀይ የደም ሴል ላይ ሲጠፉ ሴሉ ይፈርሳል፤ ሽንትም ሊጠቁር ይችላል። ለዚህ በሽታ በ2007 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢኩሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ሲ5ን በማገድ ብሳቱን ያስቀራል፤ ስለዚህም ታካሚው አስቀድሞ የሜኒንጎኮከስ ክትባት ይወስዳል።