ሳይንስ ከፖስታ ወደ ኢንተርኔት

ሄንሪ ኦልደንበርግ ለንደን ውስጥ የሳይንስ መጽሔት ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1665 ነው። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪ ያገኘውን ነገር ለዓለም የሚያሳውቀው በመጽሔት ሆነ። እየቆየም ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ሌሎች ባለሙያዎች እንዲመረምሩት ተለመደ። ይህ ግን ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የፊዚክስ ሰዎች ረቂቃቸውን አባዝተው ለሚያውቋቸው በፖስታ ይልኩ ነበር። ታዲያ በታወቀ ዩኒቨርሲቲ ያለው ቶሎ ያነባል፤ የሚያውቀው ሰው የሌለው የሩቅ አገር ተማሪ ግን ይቀርበታል።

በ1991 ፖል ጊንስፓርግ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ አሜሪካ፣ ሎስ አላሞስ ውስጥ ረቂቆቹን በኮምፒውተር ማሰባሰብና ማሰራጨት ጀመረ። ዛሬ «አርካይቭ» የሚባለው ይኸው ነው፤ ማንም ሰው በነጻ ያነበዋል።

ይህ ምን ለውጥ አመጣ? ከ1904 ጀምሮ መልስ ያጣ የፖአንካሬ የሒሳብ ጥያቄ ነበር። ሩሲያዊው ግሪጎሪ ፔሬልማን መልሱን በ2002 እና በ2003 አርካይቭ ላይ አወጣው፤ ለመጽሔት አልላከውም። ቢሆንም ወዲያው «ተፈታ» አልተባለም። የተለያየ አገር ሊቃውንት ለዓመታት መስመር በመስመር መረመሩት፤ ትክክል ነው የተባለው ከዚያ በኋላ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በሩ ተከፍቷል፤ የወጣ ሁሉ ግን የተመረመረ አይደለም። በኮሮና ጊዜ ያልተመረመረ ረቂቅ እንደ እውነት ሲወራ አይተናል። ወላጆቻችሁ «ሳይንስ እንዲህ ይላል» የሚል መልእክት ስልካቸው ላይ ሲያሳዩአችሁ፣ አብራችሁ ቁጭ በሉና ጠይቁ፦ ማን ጻፈው? ማንስ መረመረው?