ኢንዲስፒዩታብል የተባለው ቃልና እኛ

ክሊኒካል የገባን ዓመት ትዝ ይላችሁ እንደሆነ፣ ግማሹ ትምህርታችን የእንግሊዝኛ ቃል መሰብሰብ ነበር። ዴፊኒት፣ ኮንክሉሲቭ፣ ኢንኮንትሮቨርቲብል፣ ኢንዲስፒዩታብል። ራውንድ ላይ ከነዚህ አንዷን ጣል ያደረገ ተማሪ፣ ባያነብም ያነበበ ይመስል ነበር። የሁሉም አውራ ፓቶግኖሞኒክ ነበረች፤ ያ ምልክት ከታየ በሽታው ሌላ ሊሆን አይችልም ማለት ነው፣ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ጉንጭ ውስጥ እንደሚታዩት የኮፕሊክ ነጠብጣቦች።

አማርኛችንም በዚህ በኩል አይታማም። የማያከራክር፣ የማያጠራጥር፣ የማይታበል፣ አሌ የማይባል አለን። ልብ ካላችሁ የሁለቱም ቋንቋ አሠራር አንድ ነው፤ እንግሊዝኛው ፊቱ ላይ «ኢን» ይለጥፋል፣ እኛ «የማይ» እንላለን። መጀመሪያ ክርክሩ ይጠራል፣ ቀጥሎ የለም ይባላል። ማንም ያልተከራከረበትን ነገር የማያከራክር የሚል የለምና፣ ቃሉ የሚመጣው ክርክር ባለበት ቦታ ነው። በሕክምና ታሪክ ውስጥ ይህ ጎልቶ የታየው በትምባሆ ጉዳይ ይመስለኛል።

የታሪኩ ዋና ሰው ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ሐኪም አልነበሩም። መሆን ይፈልጉ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አብራሪ ሳሉ የሳንባ ቲቢ ያዛቸውና ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ዋሉ። ኢኮኖሚክስን በተልዕኮ ተምረው በስታቲስቲክስ በኩል ወደ ሕክምና ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1948 ውጤቱ የታተመውን የስትሬፕቶማይሲን ሙከራ የነደፉት እሳቸው ናቸው። መድኃኒቱን ካገኙት 55 የቲቢ ታማሚዎች በስድስት ወር ውስጥ 4 ሞቱ፤ ካላገኙት 52 ደግሞ 14።

ከዚያ ወደ ሲጋራ ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1950 ከሪቻርድ ዶል ጋር ሆነው የለንደን ሆስፒታሎች ታማሚዎችን አጥንተው አወጡ። የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው 649 ወንዶች መካከል የማያጨሱት 2 ብቻ ነበሩ፤ ለንጽጽር ከተወሰዱት 649 ወንዶች ግን 27። ዶል ራሳቸው አጫሽ ነበሩ፣ ጥናቱ ሳያልቅ አቆሙ። ለእኔ ከሠንጠረዡ ይልቅ ይህ ይናገራል።

የትምባሆ ኩባንያዎችስ? ውሸት ነው ብለው አልጮኹም፤ ከዚያ የበለጠ ብልጦች ነበሩ። የአሜሪካዎቹ በጥር 1954 ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ባወጡት ማስታወቂያ፣ በአይጦች ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ኮንክሉሲቭ አይደሉም አሉ። ይኸው የእኛው ቃል! ማስረጃው ትልቁን ቃል እስኪያሟላ ድረስ ማጨሱ ይቀጥላል ማለት ነው። ከእንግሊዝ በኩል ደግሞ ታላቁ የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር፣ ፒፓቸውን እያጨሱ፣ ምናልባት አንድ የዘር ባሕርይ ሰውን አጫሽም ካንሰር ተጠቂም ያደርገው ይሆናል ብለው ተከራከሩ። ለትምባሆ አምራቾች አማካሪም ነበሩ። ክርክራቸው ግን ሞኝ አልነበረም፤ ተማሪ ቢያነሳው ጎበዝ እንለዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሂል በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ሜዲሲን ቆመው ንግግር አደረጉ። ፐብሊክ ሄልዝ ፈተና ላይ «የሂል ክራይቴሪያ» ብለን የሸመደድናቸው ዘጠኝ ነጥቦች ከዚያ የመጡ ናቸው። እሳቸው ክራይቴሪያ አላሏቸውም፤ መመልከቻ ማዕዘን ነው ያሏቸው። ከዘጠኙ አንዱም ቢሆን ኢንዲስፒዩታብል ማስረጃ ሊሰጥ እንደማይችል በግልጽ ተናገሩ፤ ቃሉን ራሱን ተጠቅመው። ያን ሁሉ ዓመት የደከሙበትን ነገር በዚህ ቃል ለመዝጋት እድሉ ነበራቸው፣ አልፈለጉም። ንግግራቸውን የቋጩት ግን በሌላ ሐሳብ ነው፤ እውቀታችን ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው፣ ጎዶሎ መሆኑ ግን ዛሬ መደረግ ያለበትን ለነገ ለማሳደር ፈቃድ አይሰጠንም። እኔ ዘጠኙን በቃሌ ስይዝ ይህን ክፍል አላነበብኩትም ነበር።

ባነበው ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ በተመደብኩበት ሆስፒታል አንድ ጋሼ መጡ፤ የሃምሳ ምናምን ዓመት ሰው፣ ዕድሜ ልካቸውን አጫሽ። ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ክሳት። ኤክስሬዩ ላይ የቀኝ ሳንባ ላይኛው ክፍል ጥላ አለው። አክታቸው ሦስት ጊዜ ታይቶ ምንም አልተገኘም። አገራችን ናትና ቲቢ ነው አልኩ። መድኃኒቱን ማስጀመሬ ስህተት አልነበረም፤ በነበረን አቅም ማንም ያደርገው ነበር። ስህተቱ ቻርቱ ላይ ዴፊኒት ብዬ መጻፌ ነው። ልጃቸው «ዶክተር፣ እርግጠኛ ነሽ?» ስትለኝ «የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ አያጠራጥርም» አልኳት።

ከእኔ በኋላ ያዩዋቸው ሐኪሞች ቃሌን ቀዱት። አራተኛው ሳምንት ላይ ክብደታቸው እየወረደ ነው፤ መድኃኒቱን በደንብ አይወስዱ ይሆናል ተባለ። ስምንተኛውም እንዲሁ አለፈ። ሪፈር የተደረጉት በአምስተኛው ወር ነው፣ ካንሰር መሆኑም የታወቀው ያኔ። ቀድሞ ቢታወቅ ይድኑ ነበር ወይ? እንጃ። ሦስት ወር ግን በእኔ ቃል ምክንያት ማንም እንደገና ሳያያቸው ሄደ።

ልጅቷ ውጤቱን ይዛ መጥታ ነበር። ካንሰር መሆኑን ላስረዳት ስሞክር «ነቀርሳ ነው አላልሽኝም ነበር ወይ ያኔም?» አለችኝ። አማርኛችን ለሁለቱም በሽታ ይህንኑ ቃል ይሰጣል አይደል፤ እሷ ከመጀመሪያውም ካንሰር ነው ብዬ የነገርኳት መስሏት፣ ለዚያ መድኃኒት እየተሰጣቸው ነው ብላ አምና ኖራለች። የት ብዬ እንደምጀምርላት ጠፋኝ።

አሁን ከሬዚደንቶች ጋር ራውንድ ስወጣ ከዳያግኖሲሱ ሥር አንድ መስመር አስጽፋለሁ፤ ይህ ካልሆነስ ምን ሊሆን ይችላል፣ መቼስ ተመልሰን እናየዋለን፣ ከነቀኑ። ሥራ ያበዛል እያሉ ያጉረመርማሉ። እውነታቸውን ነው፣ ያበዛል።