ካርቶላ፦ በ65 ዓመቱ የመጀመሪያውን አልበም ያሳተመው የሳምባ ሊቅ

በ1956 እ.ኤ.አ. ጋዜጠኛው ሰርዢዮ ፖርቶ በሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ ኢፓኔማ ሰፈር ውስጥ ከአንድ መኪና አጣቢ ጋር ተገናኘ። ልብ ብሎ ሲያየው ካርቶላ ነው! ብዙዎች ሞቷል ብለው ተስፋ የቆረጡበት፣ ሳምባ የሚባለው የብራዚል ሙዚቃ ደራሲ።

ካርቶላ፣ በእውነተኛ ስሙ አንዤኖር ደ ኦሊቬይራ፣ በ1908 እዚያው ሪዮ ተወለደ። ቤተሰቡ ኑሮ ሲከብደው ማንጌይራ ወደሚባለው የድሆች ኮረብታ ሲወጣ ልጁ ገና 11 ዓመቱ ነበር። ትምህርቱን ትቶ ግንበኛ ሆነ። ሲሚንቶ ጠጉሩን እንዳያበላሽበት ባርኔጣ እየደፋ ይሠራ ስለነበር የሥራ ባልደረቦቹ ካርቶላ፣ ማለትም ረጅም ባርኔጣ፣ የሚል ቅጽል አወጡለት። በ1928 ከጓደኞቹ ጋር የማንጌይራን የሳምባ ትምህርት ቤት መሠረተ። ስሙ ትምህርት ቤት ይሁን እንጂ ለካርኒቫል የሚሰለፍ የሰፈር ማኅበር ነው። እስከ ዛሬ የሚታወቅበትን አረንጓዴና ሮዝ ቀለም የመረጠለትም እሱ ነው።

በ1930ዎቹ እንደ ፍራንሲስኮ አልቬስ ያሉ ዘፋኞች ዘፈኖቹን ይገዙት ነበር። ግጥምና ዜማው የእሱ፣ በሸክላው ላይ የሚሰማው ድምፅ የሌላ ሰው። በ1940 የኦርኬስትራ መሪው ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ ሪዮ ወደብ በቆመች መርከብ ላይ የብራዚል ሙዚቃ ሲያስቀዳ ካርቶላም ዘፍኗል፤ ሸክላው የታተመው ግን አሜሪካ ነው። ከዚያ ማጅራት ገትር ያዘው፤ ሚስቱ ዴኦሊንዳ ሞተችበት፤ ኮረብታውንም ትቶ ጠፋ።

የሪዮ ሰዎች የፖርቶን ታሪክ ሲያወሩ ጋዜጠኛው ሙዚቀኛውን ከሞት ያስነሳው ያስመስሉታል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። በእርግጥ ሬዲዮ ላይ አቅርቦታል፤ ሥራም አፈላልጎለታል። የሸክላ አሳታሚዎቹ ግን ከዚያ በኋላም 18 ዓመት ዝም አሉት።

በመካከሉ ካርቶላና ሁለተኛ ሚስቱ ዶና ዚካ በ1963 ዚካርቶላ የተባለ ምግብ ቤት ከፈቱ። እሷ ታበስላለች፣ እሱ ይዘፍናል። ወጣቱ ፓውሊኞ ዳ ቪዮላ ለሕዝብ መዝፈን የጀመረው እዚያ ነው። ለሙዚቃው በጀ፤ ለኪሳቸው ግን አልበጀም፤ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይቆይ ተዘጋ።

የራሱ አልበም የወጣው በ1974 ነው። በ1976 የወጣው ሁለተኛው በብራዚል ሙዚቃ ታሪክ ከምርጦቹ ተርታ ይቆጠራል። ድምፁ ሸካራ፣ አዘፋፈኑ ረጋ ያለ ነው፤ የሚያለቅስ ዘፋኝ ለለመደ ጆሮ መጀመሪያ ላይ ቀዝቀዝ ሊል ይችላል። ሁለቴ ስሙት።

ካርቶላ በ1980 በካንሰር በ72 ዓመቱ አረፈ። በሕይወት ሳለ በስሙ የወጡት 4 አልበሞች በሙሉ የተቀዱት 65 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው።