አይድንም የተባለው ልም አጥንት

ሰው የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የጉልበቱን አገልግሎት አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው ባመመው ቀን ነው። በጉልበት መገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚያለብስ ነጭና ልስልስ ልም አጥንት አለ። ተግባሩም አጥንት ከአጥንት ጋር እንዳይፋተግ መከላከልና የሰውነትን ክብደት መሸከም ነው።

ይህ አካል አንድ ጊዜ ከጠፋ ተመልሶ እንደማይጠገን፥ ዊልያም ሀንተር የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1743 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ አስታወቀ። ምክንያቱም ኋላ በሚገባ ተብራራ። ቆዳ ሲቆረጥ ደም መጠገኛውን ይዞ ይደርስለታል፤ ልም አጥንት ግን የደም ሥር የለውም። ሕዋሳቱም ጥቂቶች ናቸው፤ በጠጣሩ አካል ውስጥ ተቀብረው ስለሚኖሩ ወደ ቁስሉ ሊደርሱ አይችሉም።

ስለዚህ ሐኪሞች ደሙን ወደ ቁስሉ ለማምጣት ሞከሩ። በ1959 የብሪስቶሉ ሐኪም ፕራይዲ ከሥር ያለውን አጥንት በመብሳት ደምና መቅኔ እንዲፈስ የማድረግን ዘዴ ገለጸ። በዚህ ዘዴ ጉድጓዱ ይሞላል፤ የሚሞላው ግን እንደ ጠባሳ ያለ፥ ከቀድሞው የደከመ አካል ነው።

በስዊድን አገር በጎተንበርግ ከተማ የነበሩት ማትስ ብሪትበርግ፥ ላርስ ፔተርሶንና የሥራ ጓደኞቻቸው ሌላ መንገድ ያዙ። ደሙን ወደ ሕዋሱ ከማምጣት ይልቅ ሕዋሱን ራሱን ከተቀበረበት አወጡት። ከበሽተኛው ጤነኛ ልም አጥንት ጥቂት ቆርጠው፥ ሕዋሳቱን ለይተው፥ በላቦራቶሪ ከ14 እስከ 21 ቀን አባዙ። ከዚያም ከቅልጥሙ አጥንት በተገፈፈ ስስ ሽፋን ጉድጓዱን ከድነው ሕዋሳቱን ከሥሩ ጨመሩ። የመጀመሪያው በሽተኛ በዚህ ዘዴ የታከመው በ1987 ነው።

በ1994 የ23 በሽተኞችን ውጤት አወጡ። በጭን አጥንት ጫፍ ላይ ከታከሙት 16 ሰዎች 14ቱ መልካም ውጤት አገኙ፤ በጉልበት ሎሚ ላይ ከታከሙት 7 ሰዎች ግን መልካም ውጤት ያገኙት 2 ብቻ መሆናቸውን ሳይሸሽጉ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ሕዋሳቱን በስስ የኮላጅን ገበር ላይ አሳድጎ በጉድጓዱ ላይ መለጠፍ ተጀመረ፤ ይህም በ2016 በአሜሪካ ተፈቀደ።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፤ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፥ ይህ ሕክምና በአደጋ ለተጎዳ፥ ወሰኑ ለታወቀ ቁስል እንጂ በዕድሜ ብዛት መላው ላለቀ ጉልበት የተዘጋጀ አይደለም። ያረጀ ጉልበት አድሳለሁ የሚላችሁን ሁሉ ማስረጃውን ጠይቁት። ሁለተኛ፥ ሀንተር ያየው እውነት ነበር። ጎተንበርጎች ያሸነፉት እውነቱን በመካድ አይደለም፤ ልም አጥንት ራሱን የማይጠግንበትን ምክንያት መርምረው በዚያው በኩል ስለ ረዱት ነው።