የቦይለር መቆጣጠሪያ ስክሪን
ኦፕሬተሩ የቦይለርን የውሃ ከፍታ፣ ግፊትና ሙቀት የሚከታተልበትና ልካቸውን የሚወስንበት ገጽ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በጥር 2003 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ይፋ ያደረጉት የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት ጉዳዩን ለደቡብ ኦሞ አቅርቦታል፤ የስኳር ፋብሪካ ቦይለር የሚነደው ባጋስ በሚባለው የተጨመቀ አገዳ ቅሪት ነውና።

ዋናው ስጋት ውሃው ነው። ሲያንስ ቱቦዎቹ ከልክ በላይ ግለው ይቀደዳሉ፤ ሲበዛ ጠብታው ከእንፋሎቱ ጋር አልፎ ተርባይኑን ይጎዳል። የባጋሱ እርጥበት በተለዋወጠ ቁጥር እሳቱም ስለሚዋዥቅ፣ የማስተካከያው ብቃት በእጅጉ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ቅንብሩን የሚለውጠው የይለፍ ቃል የተሰጠው ባለሙያ ብቻ ነው። የቀድሞውን ቁጥር ይመዘግባል፤ የአንዱን ለውጥ ውጤት ሳያይ ሌላውን አይነካም።

አላርሙ አስቸገረ ብሎ የዝቅተኛ ውሃ መከላከያውን ማሰናከል ሕይወት ያስከፍላል። የግፊት ማስተንፈሻው ሴፍቲ ቫልቭ ግን የስክሪኑን ትእዛዝ ሳይጠብቅ በራሱ ይከፈታል።