ስሙ ቀረ፣ ቋንቋው ሄደ

የዘር ሐረግ መቁጠር ለእኛ አዲስ አይደለም፤ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አያቶች አሉን። በአሜሪካ ግን የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ስለሚወርድ፣ አንዱን ስም ይዛችሁ ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ትችላላችሁ። እስቲ የሙህለንበርግን ቤት አብረን እንከተል፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሄንሪ ሜልኪዮር ሙህለንበርግ በ1711 በጀርመን አገር በአይንቤክ ከተማ ተወለደ። በፔንስልቬንያ ያሉ ሦስት የሉተራን ጉባኤዎች መጋቢ ይላክልን ብለው ስለ ለመኑ፣ በ1742 ፊላደልፊያ ገባ። በ1745 አና ማሪያ ዋይዘርን አገባ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ስም ብቻ የሚከተል ሰው እናቶችን ይጥላል። የአና ማሪያ አባት ኮንራድ ዋይዘር ገና በልጅነቱ በ1710 ከጀርመን ስደተኞች ጋር መጥቶ፣ የሞሆክን ቋንቋ ተምሮ፣ በቅኝ ግዛቱና በኢሮኳ ሕዝቦች መካከል አስተርጓሚ የሆነ ሰው ነው። እንግዲህ ቤቱ አሜሪካን የረገጠው በእናት በኩል 32 ዓመት ቀድሞ ነው።

መጋቢው ሦስት ወንዶች ልጆቹን በ1763 ለትምህርት ወደ ሃሌ ሰደዳቸው። ሦስቱም የወንጌል አገልጋዮች ሆኑ። ጎትሂልፍ ከመጋቢነቱ ጋር ዕፅዋት አጠና፤ ፍሬድሪክ በ1789 የተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያው አፈ ጉባኤ ሆነ፤ ፒተር በዋሽንግተን ጦር ውስጥ ጄኔራል ሆነ። ፒተር ስብከቱን ሲጨርስ የመጋቢ ካባውን አውልቆ በወታደር ልብስ ታየ የሚለውን ታሪክ ብዙዎች ይወዱታል። በሰፊው ያሰራጨው ግን የወንድሙ የልጅ ልጅ በ1849 ያሳተመው መጽሐፍ ስለሆነ በጥንቃቄ ያዙት። ቤተሰብ የራሱን ጀግና ሲተርክ ጨው መጨመሩ አይቀርም!

ከባዱ ነገር የመጣው በኋላ ነው። በ1806 ገደማ የፊላደልፊያው ጉባኤ «አምልኮ በእንግሊዝኛም ይሁን» እና «በጀርመንኛ ብቻ ይቅር» በሚሉ ወገኖች ተከፈለ። ወላጆቻችሁ በአማርኛ ሲያመልኩ እናንተ በእንግሊዝኛ የምታመልኩ ካላችሁ ክርክሩ አይጠፋችሁም። እንግሊዝኛ ይግባ ከሚሉት ፊት የቆመው ማን መሰላችሁ? የመጋቢው የበኩር ልጅ ፒተር!

በ1796 የተወለደው የፍሬድሪክ የልጅ ልጅ ዊልያም አውግስጦስ ከነጭራሹ ወደ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እምነቱን አልጣለም፤ እዚያው አገልጋይ ሆኖ በኒው ዮርክ የቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታልን መሠረተ። ከቅድመ አያቱ የወረሰው ስም ግን አብሮት ነበር።

ቅድመ አያቱ ጀርመንኛ እየጻፈ ለአሥርታት የያዘው የዕለት ማስታወሻ በሦስት ትልልቅ ቅጾች ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ መታተም የጀመረው በ1942 ነው፤ ሰውየው ፊላደልፊያ በገባ በ200 ዓመቱ።