የባቢሎን ስልሳ
የባቢሎን ጸሐፍት በ60 እየመደቡ የቆጠሩት ከዋክብትን ስለሚከታተሉ ነው የሚለው ግምት አያሳምነኝም። ቆጠራው የተጀመረው በሱመር የእንስሳትና የዕቃ መዝገብ ላይ ሲሆን የከዋክብት ስሌት የዳበረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የ60 ጥቅሙ ያለው በማካፈል ላይ ነው፤ 60 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6፣ ለ10፣ ለ12፣ ለ15፣ ለ20 እና ለ30 ያለ ቀሪ ይካፈላል። በአስርዮሽ ማለቂያ የሌለው አንድ ሦስተኛ በ60 ሥርዓት 20 ስልሳኛ ብቻ ነው።

አንድ ሰባተኛስ? እሱ በ60ም አያልቅም፤ የተገላቢጦሽ ሰንጠረዦቻቸው 7ን ይዘሉታል። ዜሮ ስላልነበራቸውም 1 እና 60 በአንድ ምልክት ይጻፉ ነበር። ጉድለቱ ግን እጃቸውን አላሰረም፤ በዬል ዩኒቨርሲቲ ያለው ዋይ ቢ ሲ 7289 የተባለ የሸክላ ጽላት የ2ን ስኩዌር ሩት 1፣ 24፣ 51፣ 10 ብሎ ያሰፍራል። በአስርዮሽ 1.41421296 ገደማ ነው፤ ስሕተቱ አንድ ሚሊዮንኛ አይሞላም።